«ያድናል» ተብሎ ስለተጻፈ ያድናል ማለት ነው?



በቀደም መካነ ሰላም ላይ አንዲት የስኳር ታማሚ እናት ከሳይንት በኩል መጡ። ስኳራቸው ሲለካ 430 ሆነ። «እማማ፣ መድኃኒትዎን አቋርጠዋል እንዴ?» ስላቸው ከነጠላቸው ውስጥ አንድ ጠርሙስ አወጡ። «ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ጨጓራንና ኪንታሮትን ከሥሩ ይነቅላል» ይላል። ሜትፎርሚኑን ከተዉት ሁለት ወር ሆኗቸዋል።

«ልጄ፣ ተጽፎበታል እኮ! ውሸት ቢሆን መንግሥት ዝም ይላል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሕግ ራሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ወስዶበታል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1906 የመድኃኒት ሕግ አወጣች። ካንሰርን ይፈውሳል እያለ መድኃኒት የሚሸጥ ጆንሰን የተባለ ሰው በዚሁ ሕግ ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1911 ሕጉ የሚከለክለው ስለ መድኃኒቱ ይዘት መዋሸትን እንጂ ስለ ፈዋሽነቱ መዋሸትን አይደለም ብሎ ወሰነ። በ1912 ሕጉ ቢሻሻልም፣ ሻጩ ሆን ብሎ ማታለሉ መረጋገጥ ነበረበት። «እኔ እኮ ያድናል ብዬ አምኜ ነው» ያለ ያመልጣል! ይህ ቀዳዳ የተዘጋው በ1938 በወጣው አዲስ ሕግ ነው።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥም ሆነ በመድኃኒት ላይ ሐሰተኛና አሳሳች ነገር መጻፍ ክልክል ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ያልታየ ጠርሙስ ግን አይከሰስም። ስለዚህ፦

👉 አንድ ጠርሙስ ብዙ የማይገናኙ በሽታዎችን «ያድናል» ካለ ተጠራጠሩ።

👉 የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መኖሩን እዩ። መኖሩ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ፋርማሲስት ጠይቁ።

👉 ከተጠራጠራችሁ ጠርሙሱን አትጣሉት። ፎቶ አንሱት፣ ደረሰኝ ካለ ያዙ፣ የት እንደገዛችሁ ጻፉ። ማስረጃው ይሄ ነው።

👉 በባለሥልጣኑ ነፃ መስመር 8482 ደውሉ፤ ወይም ለአካባቢያችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

👉 ከሁሉም በላይ፣ የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒታችሁን ሐኪም ሳታማክሩ በፍጹም አታቋርጡ!

እማማ አሁን ደህና ናቸው፤ መድኃኒታቸውንም ጀምረዋል። ሲወጡ ጠርሙሱን ሊጥሉት ነበር። «ይስጡኝ እማማ፣ እሱ ገና ሥራ አለበት» ብዬ ተቀበልኳቸው።

እናትና አባታችሁ ምን እየወሰዱ እንደሆነ ዛሬ ጠይቋቸው። ለወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉ። ጤና ይስጥልን!