«ድኛለሁ፣ ሊቲየሙን ላቁመው?»

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ስለ ሊቲየም እናውራ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ባይፖላር ያለበትን ልጃቸውን ለክትትል ይዘውት መጡ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬአለሁ)። ልጁ ሊቲየም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ ሥራው ተመልሷል፣ እንቅልፉ ተስተካክሏል፣ ከእህቱ ጋር ታርቋል። እናቱ «ዶክተር፣ ልጄ እኮ ድኗል፤ ይሄን ኪኒን እስከ መቼ ነው የሚውጠው?» አሉኝ። የዚያን ቀን ወረፋው ብዙ ነበርና «ይቀጥል» ብዬ ሸኘኋቸው። ለምን እንደሚቀጥል አላስረዳሁም። ሦስት ወር ሳይሞላ ልጁ መድኃኒቱን አቁሞ፣ አምስት ሌሊት ሳይተኛ፣ ያጠራቀመውን ብር ለማያውቀው ሰው «ለቢዝነስ» አስረክቦ፣ በዘመዶቹ ተይዞ መጣ። ያን ቀን ለእናቱ መንገር የነበረብኝን ነው አሁን የምጽፈው።

ባይፖላር ስሜት ከልክ በላይ የሚግልበት ጊዜ (ማኒያ) እና ከባድ ድባቴ የሚፈራረቁበት ህመም ነው። በመሐል ሰውየው ደህና የሚሆንባቸው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ያ ደህና ጊዜ መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ የመጣ መሆኑ ከውጭ ሲያዩት አይታወቅም።

«የስልክ ባትሪ ውስጥ ያለው ነው እንዴ?» ያላችሁኝም አላችሁ። አዎ፣ ንጥረ ነገሩ ያው ነው፤ የሚዋጠው ግን ሊቲየም ካርቦኔት የተባለው ጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ የአእምሮ ሐኪም ማኒያ ላለባቸው 10 ታካሚዎች ሰጥቶ መረጋጋታቸውን ጻፈ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በገበታ ጨው ምትክ ሊቲየም ሲጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ተመርዘው ሞቱ። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ለማኒያ ሕክምና የፈቀደችው ዘግይታ፣ በ1970 ነው።

ታዲያ ምን ያህል ይሠራል? ማኒያን ያበርዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እንደ ኦላንዛፒን ወይም ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት አብረን እናዛለን። ዋናው ጉልበቱ እንዳያገረሽ መከላከሉ ላይ ነው፤ በተለይ ማኒያው። በ2010 የታተመው ባላንስ የተባለው ጥናት ሰዎችን እስከ ሁለት ዓመት ተከታትሏል። ሊቲየም ብቻ ከወሰዱት 110 ሰዎች 65ቱ፣ ቫልፕሮኤት ብቻ ከወሰዱት 110 ሰዎች ደግሞ 76ቱ አገርሽቶባቸው ተጨማሪ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ሊቲየም በልጧል፤ ግን እያያችሁት ነው፣ ተአምር አይደለም። በሌላ በኩል ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ በጣም ይስማማዋል፤ ለዓመታት ህመሙ ድርሽ አይልበትም። በህመሙ መሐል ሙሉ በሙሉ ደህና የሚሆን ሰው፣ ወይም በሊቲየም የተሻለው የሥጋ ዘመድ ያለው፣ የመስማማት ዕድሉ ከፍ ይላል። በዓመት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚነሳበት ሰው ላይ ግን ደከም ይላል። ጫት ራሱ ማኒያን ሊቀሰቅስ ስለሚችል መድኃኒቱን ከመውቀሳችን በፊት ስለ ጫት እንጠይቃለን።

እኔ ከሁሉ በላይ የማከብረው ግን ሌላ ነገሩን ነው። በ2013 የ48 ጥናቶች ውጤት ተጠቃሎ ሲታይ ሊቲየም ራስን የማጥፋት አደጋን ይቀንሳል። ሁሉም ጥናት አይስማማም፤ በ2021 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ልዩነት አላገኘም። ቢሆንም ይህን ያህል ማስረጃ ያለው ሌላ የስሜት ማረጋጊያ የለንም። ቤታችሁ ውስጥ «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አሁን ወደ ደም ምርመራው። ሊቲየም በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ለክትትል ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ አንዳንዴ እስከ 1.0። ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ይጀምራል፦ እጅ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስና ተቅማጥ፣ መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር። ደሙ የሚሰጠው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። የማታውን ወስዳችሁ ጠዋት የምትመረመሩ ከሆነ የጠዋቱን ከምርመራው በኋላ ዋጡት። ኩላሊትና ታይሮይድም በየስድስት ወሩ ይታያሉ፤ ሁለቱንም ሊጎዳ ይችላልና። ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የውኃ ጥም፣ የሽንት መብዛትና ክብደት መጨመር የተለመዱ ናቸው፤ ንገሩን እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ።

ኩላሊት ሊቲየምን ልክ እንደ ገበታ ጨው ነው የሚያየው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ጨው ይቆጥባል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀራል፣ ደም ውስጥም ይከማቻል። ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የአረብ አገር ሙቀት ላይ መሥራት፣ ውኃ ሳይጠጡ የሚዋልበት ጾም፣ ይሄ ሁሉ ያው ነው። ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ድንገት «ደም ግፊት አለብኝ» ብላችሁ ጨው አታቁሙ። ቡና እንኳ ሳይቀር! በቀን ብዙ ስኒ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲተው የሊቲየሙ መጠን ሊጨምር ይችላል። ለራስ ምታትና ለወገብ ከፋርማሲ የምትገዙት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ያከማቹታል፤ ፓራሲታሞል ይሻላችኋል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ ስለሚያደርጉ ሊቲየም እንደምትወስዱ ለማንኛውም ሐኪም ተናገሩ። እርግዝና ያሰባችሁ እህቶች ደግሞ ከማርገዛችሁ በፊት ኑ፤ ሳታማክሩ ማቆምም ሆነ ዝም ብሎ መቀጠል ሁለቱም አደጋ አላቸው።

ማቆም የግድ ከሆነስ? በሐኪም ክትትል፣ ቢያንስ በአራት ሳምንት፣ ቢቻል በሦስት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። በአንድ ቀን ሲቆም ማኒያው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። የዚያ ልጅ ነገር ይኸው ነበር። ጸበል የምትሄዱም ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ልጁ አሁን ተመልሶ ሊቲየም ላይ ነው። እናቱ የምርመራ ወረቀቶቹን በሙሉ በፌስታል አድርገው ይመጣሉ፤ ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁኝም «ስንት ሆነ?» ብለው ነው። ባለፈው 0.7 ነበር።