የካራቫን በር አልዘጋ ወይም አልከፈት ሲል፦ በረሃ ካምፕ ለምትሄጂ እህት

በኩዌት፣ በኳታር፣ በሳዑዲ እና በኤምሬትስ ብርዱ ሲገባ ብዙ ቤተሰብ ወደ በረሃ ይወጣል። ድንኳን ይተከላል፣ ካራቫን በመኪና እየተጎተተ ይመጣል። ሠራተኛዋም አብራ ትሄዳለች። ቀን ታበስላለች፣ ልጆች ትጠብቃለች፤ ሲመሽ ብዙ ጊዜ እዚያው ካራቫን ውስጥ ትተኛለች።

የካራቫን በር እንደ ቤት በር አይደለም። ቀጭን ነው፣ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይመጣል፣ አሸዋ ይገባበታል፤ ስለዚህ ቶሎ ይበላሻል። አልዘጋ ካለ ማንም ሰው ሌሊት ሊገባብሽ ይችላል። አልከፈት ካለ ደግሞ እሳት ቢነሳ መውጫ የለሽም። ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ፦ የምትተኚበት ክፍል በር ከውስጥ፣ በጨለማ፣ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት።

በሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

እጀታውን ስትስቢ በበሩ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ብረት ወደ ውስጥ ትገባለች። ይህችን ብረት እዚህ “ምላስ” እንላታለን። እጀታውን ስትለቂ ሞላ ይገፋትና መቃኑ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ብዙ ካራቫኖች ከዚህ ሌላ ሁለተኛ መቀርቀሪያ አላቸው፤ ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ በጣት የሚዞር ነው። አንዳንዴ በሩ የተበላሸ የሚመስለን ይህ ሁለተኛው ተቆልፎ ስለቀረ ብቻ ነው።

ሳይመሽ የምታደርጊው ፍተሻ

ካምፑ እንደደረሳችሁ አምስት ደቂቃ ውሰጂ።

1. በሩን ክፍት አድርገሽ እጀታውን ሳቢና ልቀቂ። ምላሷ ገብታ ወዲያው መውጣት አለባት። በሩ ክፍት ሆኖ ካልሠራ፣ ዘግተሽ አትሞክሪው።
2. ሁለተኛውንም መቀርቀሪያ በሩ ክፍት እያለ አዙሪው።
3. ከዚያ አንድ ሰው ውጭ ይቁምልሽ። አንቺ ውስጥ ሆነሽ ዝጊና ዓይንሽን ጨፍነሽ ክፈቺ። ሌሊት መብራት ቢጠፋ እጅሽ መንገዱን ማወቅ አለበት።
4. ሁለተኛ መውጫ ፈልጊ። አንዳንድ ካራቫን ለአደጋ ጊዜ የሚከፈት ትልቅ መስኮት አለው፤ እጀታው ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ክፈቺና እይው። ፊቱ ዕቃ ተከምሮ ከሆነ አንሺው።
5. ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ራስጌሽ አስቀምጪ።

ራስሽ ልታስተካክይው የምትችይው

*በሩ ከመቃኑ ጋር አይገጥምም።* ብዙ ጊዜ በሩ ምንም አልሆነም፤ ካራቫኑ ነው ያዘመመው። መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን የካራቫኑ አካል ይጣመማል፣ ምላሷም ቀዳዳውን ትስታለች። ጠርሙስ ወለሉ ላይ አጋድሚ፤ ከተንከባለለ ካራቫኑ ውሃ ልኩን አልጠበቀም። ለሾፌሩ ወይም ለአሠሪሽ ንገሪ፣ እግሮቹን እነሱ ያስተካክሉ። አንቺ ግን ሥሩ አትግቢ፣ ክሪክም አትንኪ።

*ምላሷ ገብታ ትቀራለች ወይም ቀስ ብላ ትወጣለች።* አሸዋ ነው። በደረቅ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊው፣ ከዚያ ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ትንሽ ንፊበት። የምግብ ዘይት አታድርጊ። ዘይት አሸዋ ይይዛል፣ በሁለት ቀን ጭቃ ይሆንና ይብሳል።

*እጀታው ይወዛወዛል።* መንገዱ ብሎኖቹን አላልቷቸዋል። በካቻቢቴ ከውስጥ በኩል አጥብቂ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ግን ከመጠን በላይ አታጥብቂ። ብሎኑ እየዞረ አልይዝ ካለ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ይህ የጥገና ሠራተኛ ሥራ ነው።

*እጀታው ይንቀሳቀሳል፣ ምላሷ ግን አትንቀሳቀስም።* ውስጡ ተሰብሯል። በዚህ በር ዘግተሽ አትተኚ። መለወጥ አለበት።

እንዳይበላሽ

በሩን አትወርውሪው፤ እጀታውን ይዘሽ ዝጊው። ክፍት ሲሆን በመንጠቆው አስሪው፤ የበረሃ ንፋስ ወስዶ ካላተመው ማጠፊያው ይጣመማል። ልጆች እንዳይንጠለጠሉበት ተቆጣጠሪ። ጠዋት ጠዋት የምላሷን ቦታና የበሩን ጎማ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። ካራቫኑ ሲጓዝ ምላሷም ሁለተኛው መቀርቀሪያም መዘጋት አለባቸው። ዕቃ እንድትጠብቂ ተብለሽ እንኳ በሚጎተት ካራቫን ውስጥ አትቀመጪ፤ ቦታሽ መኪናው ውስጥ ነው።

ውስጥ ሆነሽ አልከፈት ቢልሽ

አትደብድቢው። መጀመሪያ ሁለተኛውን መቀርቀሪያ እይ። ከዚያ በሩን በእጀታው በኩል ወደ ራስሽ ሳብ፣ ወደ ውጭም ገፋ እያደረግሽ እጀታውን ሞክሪ። ምላሷ ላይ ያለው ጫና ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ትለቃለች። ካልሆነ ደውይ፣ ተጣሪ፣ በመስኮቱ ውጪ። ጭስ ከሸተተሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ግን አትጠብቂ፤ መስኮቱን ስበሪ። የዕቃ ዋጋ ከነፍስሽ አይበልጥም።

ከሰል እና የተዘጋ በር

ብርድ ነው ብለሽ የከሰል ምድጃ ካራቫን ውስጥ አስገብተሽ በጭራሽ አትተኚ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይጀምርሻል፤ ከዚያ እንቅልፍ መስሎሽ ራስሽን ትስቻለሽ። ጄኔሬተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ከበርና ከመስኮት ይራቅ። እነዚህ ምልክቶች ከተሰሙሽ ልጆቹን ይዘሽ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጪ፣ እርዳታም ጥሪ። ብርዱን በብርድ ልብስና በወፍራም ልብስ ተከላከይ።

በሩ አልዘጋ ቢል፣ ሰው ይገባብኛል ብለሽ ብትፈሪ

ቤት ውስጥ አንዳንዶቻችን ወንበር በሩ ላይ እንደግፋለን። የካራቫን በር ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ወንበርም ሽብልቅም አይከለክልም። እስኪጠገን ድረስ እጀታውን በጠንካራ ቀበቶ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሪ፤ ቋጠሮው ግን አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ይሁን። ከተቻለ ከሌላ ሴት ሠራተኛ ወይም ከልጆቹ ጋር ተኚ።

ለአሠሪሽ እንዴት ትነግሪያለሽ?

አጭርና ግልጽ አድርጊው፦ “ባብ ኸርባን” (በሩ ተበላሽቷል)፣ “ባብ ማ ይፍተሕ” (በሩ አይከፈትም)። ልጆቹም አብረውሽ የሚተኙ ከሆነ ይህንንም ጥቀሺ፤ “ለልጆቹ አደገኛ ነው” ስትያቸው ቶሎ ይሰሙሻል። የተበላሸውን ፎቶ አንሺ፣ በዋትሳፕ ላኪላቸው። ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጥልሻል፤ ኋላ “አንቺ ሰበርሽው” ቢሉሽም ማስረጃ አለሽ።

ይህን መጠየቅ ብልግና አይደለም። የኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68፣ የኳታር የ2017 ሕግ ቁጥር 15 እና የኤምሬትስ የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ (ሁሉም እ.ኤ.አ.) አሠሪ ለሠራተኛዋ ተስማሚ መኖሪያ እንዲሰጥ ያዛሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 201 ደግሞ የሠራተኛዋ ክፍል ቁልፍ ያለው እንዲሆን፣ ቁልፉም ለእሷ እንዲሰጥ ይላል። ይህ ምክር ነው እንጂ አገሮችን አያስገድድም፤ ግን የምትጠይቂው ነገር ትክክል መሆኑን ያሳያል።

ከውጭ ቆልፈውብሽ የሚሄዱ ከሆነ ጉዳዩ የብልሽት አይደለም፣ የመብት ጥሰት ነው። ብቻሽን ሆነሽ አትጣይ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ፣ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፣ የኢትዮጵያን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አነጋግሪ። አደጋ ላይ ከሆንሽ ፖሊስ ጥሪ።

ስልክሽ ላይ መዝግቢ

- ኩዌት፦ 112
- ኳታር፦ 999
- ባሕሬን፦ 999
- ኦማን፦ 9999
- ሳዑዲ፦ ሲቪል መከላከያ (እሳት) 998፣ አምቡላንስ 997
- ኤምሬትስ፦ ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998፣ እሳት 997

በረሃ ላይ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም የለም። ስለዚህ እንደደረስሽ፣ ኔትወርክ እያለ፣ ሎኬሽንሽን ለአንዲት ጓደኛሽ በዋትሳፕ ላኪ። ካምፑ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ላኪ፤ በሩንም እንደገና ሞክሪው።