ቁጥሩ ንባቡን ሲቆራርጠው

ጥያቄ፦ በስልኬ መተግበሪያ የሮሜን መልእክት ሳነብ እያንዳንዱ ቁጥር በአዲስ መስመር ስለሚጀምር ሐሳቡ ይቆራረጥብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩ የእርስዎ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሲጽፍ ቁጥር አልነበረም፤ የዛሬውን የአዲስ ኪዳን ቁጥር ያወጣው አታሚው ሮበርት ኤስቲየን ነው፤ በ1551 እ.ኤ.አ.። ቁጥሩ ጥቅስ ለመፈለግ እጅግ ይጠቅማል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን በቁጥር አይወሰንም። ሮሜ 1፥1-7 በግሪኩ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው! ስለዚህ በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ጽሑፉን በአንቀጽ የሚያሳይ ወይም ቁጥሩን የሚደብቅ ምርጫ ካለ ይሞክሩት። መዝሙረ ዳዊትን ግን፣ ግጥም ነውና፣ በስንኝ እንደተደረደረ ቢያነቡት ይሻላል። በአንቀጽ የሚያሳየው ምርጫ ከሌለ፣ እንዲያስተካክሉት የገጹን ምስል ከምዕራፉና ከቁጥሩ ጋር ለመተግበሪያው አዘጋጆች ይላኩላቸው። ገጹ ተስተካክሎም ምሥጢሩ ከከበደዎት የቤተ ክርስቲያን መምህርዎን ይጠይቁ።