«የሁሉም ነው» የተባለው ግጦሽ ጠባቂው ማነው?



ውድ አንባብያን፣ ይህችን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የገፋፋኝ ለዓረፋ ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ወሎ ሄጄ ሳለ ያየሁት ነገር ነው። በልጅነቴ ከብት የጠበቅሁበት የጋራ ግጦሽ ኮረብታ አፈሩ ታጥቦ፣ ድንጋዩ አግጥጦ፣ ግርጌውም በየማሳው ባለቤት እየተገፋ ታርሶ አገኘሁት። ምን እንደነካው ብጠይቅ፣ ሁለት ፍየል ብቻ ያሏቸው ባል የሞተባቸው ጎረቤታችን «ልጄ፣ የእናንተ የከተሞቹ ከብት በልቶ ሲጠግብ ነው ለኔ ፍየሎች የሚተርፈው» አሉኝ። አፈርኩ። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ለዓረፋ ገበያ የሚደርስ ወይፈን እየገዛሁ ለወንድሜ እሰድ ነበርና። ወይፈኖቹ የሚግጡት በነጻ ነበር።

ለመሆኑ የጋራ ግጦሽ የማን ነው? ብዙዎቻችን «የሁሉም ነው» እንላለን። መልሱ ትክክል ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ማን እንደሚገባበት፣ መቼ እንደሚገባና ማን እንደሚጠብቀው ካልተወሰነ ጉልበትና ገንዘብ ያለው ይወስደዋል። ይህን ከሁለት አገሮች ታሪክ እንመልከት።

የመጀመሪያው የዐረቢያ ነው። ከእስልምና በፊት የጎሳ አለቆች ለምለሙን ቦታ ለራሳቸው ከብት ብቻ ይከልሉ ነበር። የተከለለው ቦታ «ሒማ» ይባላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የግል ክልከላ አስቀርተው ሒማ የአላህና የመልእክተኛው ብቻ መሆኑን ደነገጉ፤ ይኸውም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ብቻ ይከለላል ማለት ነው። እርሳቸውም ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ በሒማ ላይ ሁነይ የሚባል ሰው ሲሾሙ የሰጡትን ትእዛዝ ቡኻሪ ዘግበውታል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባው፤ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳታስገባ አሉት። ምክንያቱንም ነግረውታል። የእነዚያ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ የድሃው ከብት ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ መሪው ደጃፍ ይመጣል። ልብ በሉ! የተከለከሉት ሁለቱ ሰዎች ከታላላቆቹ ሰሐቦች መካከል ናቸው። ጥያቄው ማን የበለጠ ክብር አለው የሚል ሳይሆን፣ ሣሩ ቢያልቅ ማን ይራባል የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመናት በየመንደሩና በየጎሳው የሚጠበቅ ሒማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የሳዑዲ መንግሥት ግጦሹ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ወሰነ። ዓላማው እኩልነት ነበር። ውጤቱ ግን ብዙ ሒማ ያለ ጠባቂ መቅረቱና ለከባድ ልቅ ግጦሽ መጋለጡ ሆነ። መኪና ያለው ውኃና በጎቹን ጭኖ ከሩቅ ይደርስ ጀመር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገራችን፣ ከሰሜን ሸዋ መንዝ ነው። በዚያ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጓሳ ምድር አለ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ልብስ ያገለግላል። የአካባቢው ክርስቲያን ገበሬዎች «ቄሮ» በሚሉት ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። አለቆች ይመርጣሉ፣ ምድሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋሉ፣ በበጋ ከፍተው ክረምት ሲገባ መልሰው ይዘጋሉ፣ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ሥርዓት ፈረሰ። አዋጁን መኮነኔ አይደለም። አባቴ ከጭሰኝነት የወጣው በዚያ አዋጅ ነው። ይሁንና ለአራሹ መሬት የሰጠው አዋጅ የወል መሬቱን ጠባቂ አልባ አደረገው። በጓሳም መጨናነቅና መመናመን ተከተለ። ሕዝቡ ግን በኋላ የራሱን ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ፤ የክልሉ መንግሥትም በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ቦታ ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ዛሬ ሣሩም፣ ጭላዳውም፣ ቀይ ቀበሮውም አሉ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን ቢያውቅም፣ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ግል ይዞታ ሊለወጥ እንደሚችልም ፈቅዶ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ይሁንና ማንኛውም አዋጅ ብቻውን ኮረብታ ላይ ቆሞ ከብት አይመልስም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ እላለሁ። አንደኛ፣ የወል መሬቱ ወሰኑ ተለክቶ በነዋሪው ስም ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ወሰን በየዓመቱ በማረሻ ይገፋል። ሁለተኛ፣ የመዝጊያና የመክፈቻ ጊዜው፣ ቅጣቱና ጠባቂው ነዋሪው ራሱ በተስማማበት ደንብ ይወሰን። ሦስተኛ፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ቅድሚያ ያግኝ፤ ብዙ ያለው ደግሞ ይከልከል ወይም ይክፈል።

ሦስተኛው እኛን የከተማ ሰዎች ይነካል። በከተማ ሱቅ ወይም ደመወዝ እያለን በመንደሩ ኮረብታ ላይ ወይፈን የምናደልብ ሰዎች፣ ሰይዲና ዑመር ከሒማው የመለሱት ባለ ብዙ መንጋ እኛ ነን። እኔ ወይፈኖቼን ከኮረብታው አስወጥቼ ድርቆሽ እየተገዛላቸው በጓሮ እንዲታሰሩ ወንድሜን አሳስቤያለሁ። ትርፉ ቀንሷል። ነገር ግን ያ ትርፍ ከመጀመሪያውም ከጎረቤታችን ፍየሎች አፍ የተወሰደ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ለሚቀጥለው ዓረፋ የወይፈን መግዣ ወደ አገር ቤት ስትልኩ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ «የሚግጠው የማንን ሣር ነው?»

ወላሁ አዕለም።