የባሕር ነፋስና የአቅራቢያው ነጋዴ

የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ጣቢያ የተተከለው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991፤ በዴንማርክ አገር ቪንደቢ በተባለው ሥፍራ ነው፤ ተርባይኖቹም 11 ነበሩ። በ2002 ደግሞ ከኤስቢየር ከተማ ወዲያ በሰሜን ባሕር ሌሎች 80 ቆሙ።

ኤስቢየር ቀድሞ በዓሣ አስጋሪነት የታወቀ ወደብ ነበር። ተርባይኑን የሚሠሩት ታላላቅ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ጀልባ፤ መለዋወጫ፤ የሠራተኛ ስንቅና ማረፊያ የሚፈለገው ግን ከአቅራቢያው ወደብ ነው። ተከላው በጥቂት ዓመታት ያልቃል፤ ጥገናው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ይዘልቃል። ስለዚህ ዘላቂው ገበያ የጥገናው ገበያ ነው።

አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ይኸው ትምህርት በየብስም ይሠራል። በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ 84 ተርባይኖች ያሉት የ120 ሜጋዋት ጣቢያ በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። ዕቃችን በሚያልፍበት በጅቡቲም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 በጉቤት የ17 ተርባይኖች ጣቢያ ተመርቋል። ለድባጤ ነጋዴ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የውሃው ነው። በዚያው በመተከል፤ በጉባ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዋናው ግንባታ ስለተፈጸመ ሲሚንቶና ብረት የማመላለሱ ሥራ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚቀረው ጣቢያውን በየዕለቱ የሚያገለግለው አቅርቦት ነው።

ወደዚህ ሥራ የሚገባ ነጋዴ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመርምር፤ ይኸውም የዕቃውን ዓይነትና መጠን፤ የማስረከቢያውን ቀን፤ የክፍያውን ቀን ነው። እነዚህ በውል ተጽፈው ካልተፈረሙ ዕቃን በዱቤ ማስረከብ አይገባም። ታላቅ ድርጅት ክፍያውን ሦስት ወር ቢያዘገይ አይጎዳም፤ የትንሹ ባለሱቅ መደርደሪያ ግን በዚያው ጊዜ ባዶ ይቀራል።