ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር ወደ እርሻ ሥራው ስለሚመለስበት መንገድ

ወታደር አገሩን ጠብቆ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ድካሙ ገና አያልቅም። በዘመቻ ሳለ ቀለቡንና ልብሱን የሚሰጠው መንግሥት ነበረ፤ ትጥቁን ፈትቶ ከመንደሩ በገባ ማግስት ግን ራሱንና ቤተ ሰቡን በእጁ ሥራ ሊመግብ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ማሳው ጦም አድሮ፥ በሬው ተሽጦ፥ የጎጆው ክዳን አፍስሶ ያገኘዋል። ስለዚህ ዘማችን መርዳት ማለት በእልልታ መቀበል ብቻ ሳይሆን ወደ ገበሬነቱ መመለስ ነው። ለዚህም ከታሪካችን ሁለት ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል።

ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1935 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአርበኞች፥ ለስደተኞችና በጦርነቱ ለሞቱት ቤተ ሰቦች አንዳንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ አዘዙ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ዳሩ ግን ብዙው ተቀባይ የያዘው ወረቀት እንጂ ተለክቶ የተከለለ መሬት ስላልነበረ፥ ባዶውን የመንግሥት መሬት ፈልጎ ማግኘት የራሱ ፈንታ ሆነ። ወዳጅና ገንዘብ ያለው ቶሎ አገኘ፤ ድኻው ግን ከሹም ወደ ሹም ሲመላለስ ስንቁ አልቆበት ተስፋ ቆርጦ ቀረ። በአንዳንድ ስፍራም በተሰጠው መሬት ላይ ቀድሞ የሚያርስ ጭሰኛ ይኖር ስለ ነበረ የአንዱ ሽልማት ለሌላው መፈናቀል ሆነ።

ሁለተኛው በ1983 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት 455,000 ያህል የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ስለ ተበተነ፥ እርሱንና የጦር ጉዳተኛውን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ከእኩሌታው የሚበልጠው ወደ ገጠር ገባ። መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሆኖ ስለ ነበረ፥ ማሳ የሚያካፍለው የየአገሩ የገበሬ ማኅበር ነበረ፤ ከዚህም ጋራ የጥቂት ወራት ቀለብ፥ ዘር፥ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ፥ ለአንዳንዱም በሬ ተሰጠ።

ከነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው።

1ኛ፤ ተመላሹ ከመድረሱ አስቀድሞ ማሳው በሽማግሎች ፊት ተለክቶ ወሰኑ ይታወቅ። የሌላውን ገበሬ ይዞታ ነቅሎ መስጠት ግን አንዱን ረድቶ ሌላውን ማስራብ ነው።

2ኛ፤ ርዳታው የእርሻን ወራት ይከተል። በደጋና በወይና ደጋ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን ከክረምት በፊት ደጋግሞ ሊያርስ፥ በሐምሌ ሊዘራ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሊያጭድ ይገባዋል። በሬው በመጋቢት ቢሰጥ ያርስበታል፤ በነሐሴ ቢሰጥ ግን ልጆቹ ሲርቡበት ገበያ ያወጣዋል። ስለዚህ እስከ መከር የሚያደርስ ቀለብ ከዘሩና ከበሬው ሳይለይ ይሰጥ።

3ኛ፤ ጥንድ በሬ ለሁሉ ባይዳረስ፥ ለሁለት ሰዎች አንዳንድ በሬ ሰጥቶ በመቀናጆ እንዲያርሱ ማድረግ ይቻላል። ሞፈሩ፥ ቀንበሩና ማረሻው ግን አይዘንጋ።

4ኛ፤ እጁን ወይም እግሩን ያጣው ሰው ለእርፍ ባይችል ለንብ፥ ለዶሮና ለጓሮ አትክልት ይችላል። ማሳው በእኩል እንዲታረስለት ውሉ በምስክር ይጻፍ።

5ኛ፤ ጎረቤቱ በወንፈልና በደቦ እንዲያስገባው ይመከር። ብዙ ዘመን በጦር ሜዳ የኖረ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሊያጣ፥ በጥቂት ነገር ሊቈጣ ይችላል፤ ይህ ሕመም እንጂ ክፋት ስላልሆነ ወደ ሐኪም ይመራ እንጂ አይገለል።

በመጨረሻም፥ ሹሙ ሥራውን በሰጠው በሬና ዘር ቍጥር ብቻ አይመዝን። በሚመጣው ዓመት ሰኔ ወደዚያው ማሳ ሄዶ ይመልከት፤ ወታደሩ በገዛ በሬው ሲያርስ ካገኘው ርዳታው ደርሷል፤ በሬው ተሽጦ ማሳው ጦም አድሮ ካገኘው ግን የጐደለውን መርምሮ ሊያሟላ ይገባዋል።