ስለ መሬት ግብር መዝገብ አፈላለግና አነባበብ

በገጠር በሚኖር ገበሬ ቤት ስለ መሬቱ የሚናገሩ ሁለት ዓይነት ወረቀቶች ይገኛሉ። አንደኛው በየዓመቱ ግብር ሲከፍል የሚቀበለው ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ወረቀቶቹ የሚጻፉት ከሁለት መዝገቦች ነው፤ መዝገቦቹንም የሚጠብቁ ሁለት የተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ደረሰኙ ማን እንደ ከፈለ ይናገራል፤ ደብተሩ ግን መሬቱ በማን ይዞታ እንደ ሆነ ይናገራል። ይህን ባለመለየት የ10 ዓመት ደረሰኝ ጠቅልሎ ለክርክር የሚቀርብ፥ ነገር ግን ስሙ በይዞታው መዝገብ የሌለ ሰው ችግር ላይ ይወድቃል። ከዚህ በታች የምንገልጠው በተለይ በአማራ ክልል ያለውን አሠራር ነው፤ በሌሎች ክልሎች የጽሕፈት ቤቶቹ ስምና የተመኑ ልክ ቢለያይም የነገሩ ሥር ያው ነው።

ሽማግሌዎች «ግብር የከፈለ መሬቱ የርሱ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አባባል ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሬት ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ነበር፤ በጋሻ በተለካው አገር ለአንድ ጋሻ፥ ዐሥራቱ ሳይጨመር፥ 15፥ 10 እና 5 ብር ይከፈል ነበር። በዚያ ዘመን በግብር መዝገብ ስሙ የተጻፈ ሰው ባለመሬት መሆኑን በዚያው ያስረዳ ነበር። ከዚያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1168ኛው ቍጥር፥ አንድ ባለይዞታ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ግብር 15 ዓመት በተከታታይ ከከፈለ የንብረቱ ባለቤት እንደሚሆን ደነገገ። ስለዚህ ያ ትውልድ ደረሰኙን እንደ ርስት ወረቀት ቢጠብቅ ትክክል ነበር።

ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ ገበሬውም በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ጻፈ። እንግዲህ በገጠር መሬት ላይ የግል ባለቤትነት ከሌለ፥ ግብር በመክፈል ብቻ የሚገኝ ባለቤትነትም የለም። አባባሉ ግን ከሕጉ በኋላ እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ ብዙ ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው።

አሁን ገበሬው የሚከፍለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ ሲሆን፥ ሁለተኛው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው። ሁለቱ በአንድነት የተደነገጉት በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 77 ሲሆን፥ ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ የመወሰኑና የመሰብሰቡ ሥልጣን የክልሎች ሆኗል። በደረሰኝ ላይ ሁለቱን ለይታችሁ ተመልከቱ። ለመንገድ፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለሌላ ሥራ የሚሰበሰብ መዋጮ ግብር አይደለም፤ ከግብሩ ጋር ተደምሮ አንድ ቍጥር ብቻ ከተጻፈ ተለይቶ እንዲጻፍ መጠየቅ የከፋዩ መብት ነው።

ደረሰኙን የምታነቡት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስሙን ከነአያት እዩ፤ በአንድ ቀበሌ አንድ ስም ያላቸው ሦስት አራት ሰዎች ሊገኙ ይችላሉ። ቀጥሎ የግብር ዘመኑን እዩ፤ የተከፈለበት ቀንና የተከፈለለት ዘመን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፥ በተለይ ውዝፍ ሲከፈል። ከዚያም ግብሩ የታሰበበትን የመሬት ስፋት በሄክታር፥ የገንዘቡን ልክ በአኃዝና በፊደል፥ የደረሰኙን ተራ ቍጥርና ማኅተሙን ተመልከቱ። ስፋቱ በደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ በቀበሌው የግብር ከፋዮች ዝርዝር ላይ ይገኛል። ማንበብ የማይችል ሰው ተማሪ ልጁን ያስነብብ።

የይዞታ ደብተሩ ከዚህ የበለጠ ይናገራል። በአማራ ክልል ምዝገባው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ማሳው በገመድ እየተለካ፥ አዋሳኞቹም በአራቱ ማዕዘን እየተጠሩ ይጻፉ ነበር፤ ባልና ሚስትም በጋራ ይመዘገባሉ። በኋላ በመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ወሰኑ እየተሠመረ ለእያንዳንዱ ማሳ መለያ ቍጥርና ካርታ ተሰጠው። በገመድ የተለካውና በካርታ የወጣው ስፋት ጥቂት ቢለያይ ወሰኑ ተነክቷል ማለት አይደለም፤ አለካኩ ስለ ተለወጠ ነው። ጥማድንም በሄክታር ስትመነዝሩ ተጠንቀቁ፤ ጥማድ እንደ አገሩና እንደ በሬው ጉልበት ይለያያል።

መዝገቡን ለማየት የሚሄድ ገበሬ አስቀድሞ ያሉትን ደረሰኞች በዓመታቸው ቅደም ተከተል ያስተካክል፤ ደብተሩንና መታወቂያውንም ይያዝ። መጀመሪያ ወደ ቀበሌው ይሂድ፤ የግብር ከፋዮቹ ዝርዝር በዚያ ይጠየቃል። የተሟላው የግብር መዝገብና የደረሰኝ ቅጂ የሚገኘው በወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። የይዞታው መዝገብ ደግሞ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይገኛል። «መሬቴን እዩልኝ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይጠቅምም። «በዚህ ዘመን በስሜ ስንት ሄክታር ተይዟል? በስንት ማሳ? ውዝፍ አለብኝ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ፈጥኖ መልስ ያገኛል።

ከዚያ ሁለቱን ማስተያየት ይገባል። ለምሳሌ በአንድ ገበሬ ደብተር ላይ ሦስት ማሳዎች ተጽፈዋል እንበል፤ 0.50፥ 0.25 እና 0.375 ሄክታር። ድምሩ 1.125 ሄክታር ነው። በግብር ዝርዝሩ ላይ ግን 1.50 ሄክታር ተይዟል። ልዩነቱ 0.375 ሄክታር ነው። ይህን ልዩነት ከአባቱ ይዞታ ለወንድሙ ከደረሰው ማሳ ስፋት ጋር ቢያስተያየው ልክ ይሆናል፤ በመሬት መዝገቡ ወደ ወንድሙ የተዛወረው ማሳ በግብር ዝርዝሩ ላይ ሳይነሣ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ገበሬ ያልያዘውን መሬት ግብር ይከፍላል። ወንድሙም ሳይከፍል ቆይቶ አንድ ቀን ውዝፍ ይጠየቃል። በዚህ የተነሣ ወንድማማቾች ቢጣሉ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ ዝውውሩን አንዱ ቤት ሲመዘግብ ለሌላው ስላልነገረ ነው።

የበለጠ አስጊ የሆነው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ወይም ለተከራይ የሰጡ ሰዎች ነገር ነው። አቅመ ደካሞች፥ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችና ከተማ የገቡ ሰዎች ግብሩን አራሹ እንዲከፍል ይተዋሉ። መክፈሉ ክፉ አይደለም፤ ደረሰኙ ግን በባለይዞታዋ ስም መቆረጥ አለበት፥ «በእገሌ እጅ የተከፈለ» ተብሎ ሊጨመርበት ይቻላል። ዓመት በዓመት በአራሹ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ይዞታን አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ደብተሩ የጠፋባት ወይም ያልወሰደች ሴት ስትከራከር ተቃራኒዋ ያንኑ ደረሰኝ አውጥቶ የይዞታ ምልክት አድርጎ ያቀርበዋል። ፍርድ ቤትም ከምስክርና ከሌላ ማስረጃ ጋር ሊመዝነው ይችላል። ወላጆቻቸው ለሞቱባቸው ሕፃናትም እንዲሁ ነው፤ አጎት ሲከፍል ደረሰኙ በሕፃናቱ ወይም በሟቹ ወራሾች ስም ይጻፍ።

የሟች ስም በግብር ዝርዝሩ ላይ ቢቆይ መሬቱ ወዲያው አይወሰድም፤ ቢሆንም አይተው። ስሙን ለማዛወር መነሻው ግብሩ አይደለም። መጀመሪያ ወራሽነቱ በፍርድ ቤት ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይዞታው በወራሾቹ ስም ይመዘገባል፤ በመጨረሻም አዲሱ ደብተር ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የግብሩ ዝርዝር ይታረማል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ግብሩን ብቻ በስሙ ያዛወረ ወራሽ ግብር ከፋይ ሆነ እንጂ ባለይዞታ አልሆነም።

የልማት ሠራተኞች በዚህ ረገድ ሊረዱ ይችላሉ። ከመኸር በኋላ ግብር በሚከፈልበት ወራት ገበሬዎችን በሰብሰብ አድርገው ደረሰኝና ደብተር ጎን ለጎን ያስነብቧቸው፤ ስሕተት ያለበትን ለይተው ወደሚመለከተው ቤት ይምሯቸው። የገበሬውን ደብተር ግን ይዘው አይሂዱ፤ ቅጂ ካስፈለገ ባለቤቱ ራሱ ያስነሣ።

ስለ አቀማመጡም ጥቂት እንበል። በካርቦን የተጻፈ ደረሰኝ በጥቂት ዓመት ቀለሙ ይለቃል፤ ጢስ የሚበዛበት ቤትም ያጠቁረዋል፥ ምስጥና አይጥም ይበሉታል። በላስቲክ ጠቅልሎ በክዳን ባለው ዕቃ ማኖር፥ ፎቶ ኮፒውንም በሌላ ቤት ማስቀመጥ ይበጃል። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው ዘመኑንና የከፈለበትን ወር፥ ቢቻልም ተራ ቍጥሩን ይዞ ወደ ወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቢሄድ ቀሪው ተፈልጎ የተረጋገጠ ማስረጃ እንዲጻፍለት በማመልከቻ መጠየቅ ይችላል።